«ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል ፍቅረኛ

(ሐዋሳ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ የመጣችሁ እህቶቼ፣ ድካማችሁን አውቃለሁ።

ዛሬ የምናወራው በስልክ ስለሚጀመር ፍቅር እና በዚያ በኩል ስለሚገባ ሌባ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ሰው በስልክ መተዋወቁን ልኮንን አልመጣሁም። በቲንደር፣ በባዱ፣ በቴሌግራም የትዳር ቻናል ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ ወልደው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከቤተሰቧ ርቃ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የምትውል ልጅ ማታ «እንዴት ዋልሽ?» የሚላት ሰው ብትፈልግ ምን ነውር አለው? ምንም ነውር የለውም። ነውረኛው ያንን ፍላጎት አይቶ ገበያ ያደረገው ሰው ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች ታሪካቸው ለየቅል ነው። አንዷ በወታደር ተታለለች፣ አንዱ በቆንጆ ልጅ ፎቶ፣ ሌላዋ በዲያስፖራ። አንድ ጥያቄ ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው። «ይሄን ነገር ለማን ነገርሽ?» እላለሁ። «ለማንም።» «ለምን?» «እስክንገናኝ በእኛ መካከል ይቆይ ብሎኝ ነበር። ሰው ምቀኛ ነው ብሎኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። «ሰው ምቀኛ ነው፣ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም» ሲላችሁ ነገሩ እንግዳ አይመስልም። እናታችሁም ትለዋለች። ሌባው የእናታችሁን ቃል ተውሶ ከእናታችሁ ይለያችኋል። ሥራው ለሁለት ሲሆን ይሰምርለታል፣ ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ይበላሽበታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነውና። እህትሽ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ያንን ቻት ብታነበው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው!» ትልሻለች።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል። «የማን ልጅ ነው? የት ነው የሚሠራው? ጎረቤቶቹ ምን ይሉታል?» ተብሎ ይጠየቃል። ያ ሥርዓት ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም። ልጅቷ ሳትጠየቅ የተዳረችበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን አንድ ብልሃት ነበረው። ሁለት ሰዎች በሚጀምሩት ነገር ውስጥ ልቡ ያልተነካ፣ ረጋ ብሎ የሚያጣራ ሌላ ሰው ነበር። ስልክ ያንን ሰው አስወጥቶታል። እኔ የምላችሁ መልሳችሁ አስገቡት ነው። አባትሽን የማትፈልጊ ከሆነ ጓደኛሽን፣ ጓደኛህን የምታፍር ከሆነ ታላቅ እህትህን። አንድ ሰው ብቻ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይወቅ።

አሁን «እኔ ዴቲንግ አፕ አልጠቀምም፣ አይመለከተኝም» የሚል ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 በፍቅር ስም ስለተታለሉ ሰዎች የሰበሰበውን አቤቱታ አይቼዋለሁ። በዚያ ዓመት ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አመልክተዋል። የተበላው ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከተጎጂዎቹ ግማሾቹ 4,400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከስረዋል። ነገሩ የት ተጀመረ ሲባል ደግሞ 40 በመቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው ያሉት። በድረ ገጽ ወይም በአፕ ያሉት 19 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ኮሜንት የጻፈላችሁ፣ ፌስቡክ ላይ «ሃይ ቆንጆ» ብሎ ኢንቦክስ የገባ ሰው ሁሉ የዚህ ወሬ አካል ነው። ያው መሥሪያ ቤት የሌቦቹን ውሸትም ቆጥሮታል። አንደኛው «እኔ ወይም የቅርብ ሰዬ ታሟል፣ ተጎድቷል፣ ታስሯል» የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጡት «ገንዘብሽን እንዴት እንደምታባዥ ላስተምርሽ»፣ «ሩቅ አገር ያለሁ ወታደር ነኝ» እና «ጠቃሚ ዕቃ ልኬልሻለሁ፣ አስለቅቂው» የሚሉት ናቸው። አራቱንም ውሸቶች እዚህ ሐዋሳ፣ በአማርኛ ሲነገሩ ሰምቻቸዋለሁ።

የፕሮፋይሉን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና። ፎቶው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ስክሪንሾት አድርጋችሁ ጎግል ሌንስ በሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ላይ ብታስገቡት ያው ፎቶ በሌላ ስም፣ በሌላ አገር ሊወጣ ይችላል። ምንም ባይወጣ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ኢንስታግራም ላይ «ስለዚህ አካውንት» የሚለውን ብትነኩት መቼ እንደተከፈተ፣ ከየት አገር እንደሆነ፣ ስሙን ስንቴ እንደቀየረ ይነግራችኋል። ቴሌግራም ላይም የማታውቁት ሰው መጀመሪያ ሲጽፍላችሁ ብዙ ጊዜ የስልኩ አገርና አካውንቱ የተከፈተበት ወር አናቱ ላይ ይታያል። አሜሪካ፣ ሂውስተን ነኝ የሚለው ሰው ስልኩ የሌላ አገር ከሆነ፣ አካውንቱም ባለፈው ወር የተከፈተ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ድሮ አማርኛው ያጋልጣቸው ነበር። «እኔ እወዳለሁ አንቺ በጣም» ብሎ ሲጽፍ ትርጉም መሆኑ ያስታውቃል። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያኔ የሚያወጣው አማርኛ ያስቅ ነበር። አሁን ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ አማርኛ ግጥም እንኳን ሊልክላችሁ ይችላል። «አማርኛው ጥሩ ነው፣ ሐበሻ መሆን አለበት» ብላችሁ አትመኑ።

ቪዲዮ ኮልስ? ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የሆንግ ኮንግ ፖሊስ 27 ሰዎችን ያዘ። እነዚህ ሰዎች በቪዲዮ ሲያወሩ ፊታቸውን በኮምፒውተር ወደ ቆንጆ ሴት ፊት እየቀየሩ 46 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሰብስበዋል። ስለዚህ በቪዲዮ ስታወሩ ድንገት የሆነ ነገር ጠይቁ። ፊትሽን ወደ ጎን አዙሪ፣ እጅህን ፊትህ ላይ አሳልፍ፣ ተነስተህ መስኮቱን አሳየኝ በሉ። በሴኮንድ የሚቋረጥ፣ «ኔትወርክ የለም» የሚል፣ ወር ሙሉ ካሜራዬ ተበላሽቷል የሚል ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። «ማሬ» እያለ የሚጽፍላችሁ ሰው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከምያንማር ድንበር፣ ማያዋዲ ከምትባል ከተማ አካባቢ 260 ሰዎች ተለቀው ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ገቡ። የ20 አገር ዜጎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከግማሽ በላይ! ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው፣ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ የሚችል ይፈለጋል ተብለው የሄዱ ልጆች ናቸው። ድንበር ተሻግረው የታጠረ ግቢ ውስጥ ገቡ። እዚያ የሚያሠሯቸው ምን መሰላችሁ? በሐሰት ፎቶ ሰውን ማፍቀር። ቀን ከሌሊት፣ በተጻፈ ስክሪፕት፣ በኮታ። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ባሉ ግቢዎች ምያንማር ውስጥ ቢያንስ 120 ሺህ፣ ካምቦዲያ ውስጥ 100 ሺህ ያህል ሰዎች ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

ይሄን የምነግራችሁ ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ብቸኛ ሰው ላይሆን ይችላል። ቡድን ሊሆን ይችላል። ጠዋት ያናገረሽና ማታ ያናገረሽ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የልደት ቀንሽን የማይረሳው ስለሚወድሽ ላይሆን ይችላል፤ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ነገ ከመካከላችሁ አንዱ ያ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም «ታይላንድ፣ ጥሩ ደሞዝ፣ ቲኬት በእኛ» የሚል ማስታወቂያ ያየ እጁን ያውጣ። (ብዙ እጆች ወጡ።) አያችሁ? ያ ማስታወቂያና ያ የፍቅር ቻት ያው አንድ ግቢ ሊያደርሱ ይችላሉ። ልባችን ሲሰበርም፣ ልጆቻችን ታግተው የሌላውን ልብ ሲሰብሩም ገንዘቡ የሚገባው ያው ኪስ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

የእነዚህ ግቢዎች ዋና ጨዋታ ኢንቨስትመንት ነው። ገንዘብ አይጠይቅሽም። ይልቁንም ሀብታም ነው። ወር ሁለት ወር ካወራችሁ በኋላ «አጎቴ የክሪፕቶ ንግድ አስተምሮኝ…» ይላል። አንድ አፕ ያስጭንሻል። ትንሽ ታስገቢያለሽ፣ ትርፍ ያሳይሻል። ታወጪያለሽ፣ እውነትም ይደርስሻል! መተማመኑ የሚመጣው ያኔ ነው። ከዚያ ተበድረሽ ታስገቢያለሽ። ለማውጣት ስትሞክሪ «መጀመሪያ ግብር ክፈይ» ይላል። ስክሪኑ ላይ ያየሽው ቁጥር እነሱ የጻፉት ቁጥር ነው፤ ገንዘቡ በገባበት ቀን ሄዷል።

እኛ አገር በብዛት የማየው ግን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዕቃ ነው። ከውጭ ወርቅ፣ አይፎን፣ ዶላር በካርቶን ልኬልሻለሁ፣ ቦሌ ጉምሩክ ተይዟል ይባላል። ከዚያ «የጉምሩክ ሠራተኛ» ይደውላል፣ 15 ሺህ ብር አስገቢ ይላል። ስትከፍዪ ሌላ ክፍያ ይመጣል። የጉምሩክ ቀረጥ በሰነድ ተሰልቶ ለመንግሥት ይከፈላል እንጂ በግለሰብ ቴሌብር አይላክም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ሁለተኛው ፕሮሰስ ነው፣ ማለትም ወደ ውጭ አገር የመሄጃ የቪዛ ጉዳይ። «ፕሮሰስ ልጀምርልሽ» የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ስንት ሴት እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ሕጉን ልንገራችሁ። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ማመልከቻ የሚያስገባው እዚያ ያለው ሰው ነው። እሱም የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው እጮኛ ማስመጣት አይችልም። ሕጉ ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሁለታችሁ በአካል መገናኘታችሁን ይጠይቃል። ከዚህ ነፃ የሚደረገው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። በአካል አይተሽው የማታውቂው ሰው «የእጮኛ ፕሮሰስሽን አስገብቻለሁ» ካለሽ ቃሉና ሕጉ አይገናኙም። የማመልከቻው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 675 ዶላር ሆኗል። የሚከፍለውም እሱ ነው፣ እዚያው። ማመልከቻ ያስገባ ሰው የመቀበያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደልና አሥር አኃዝ ነው። ቁጥሩን ላክልኝ በይው። በአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ የት እንደደረሰ ታያለሽ። የቪዛ ክፍያ የሚመጣው በኋላ፣ ጉዳዩ ኤምባሲ ሲደርስ ነው። ያም ኤምባሲው ባዘጋጀው መንገድ እንጂ በ«ጓደኛዬ» አካውንት አይከፈልም።

ስለ አካውንት ካነሳን፣ ቴሌብር ስትልኩ ማረጋገጫው ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። አንብቡት። የምታወሩት ዶክተር ዳንኤል፣ የሚወጣው ስም ሌላ ከሆነ እዚያው አቁሙ። በተቃራኒው «ያንቺን አካውንት ልጠቀም፣ ሰው ይልክልሻል፣ ለእኔ አስተላልፊ» ቢላችሁ ይሄ ከመበላትም የከፋ ነው። የሌላ የተበላ ሰው ገንዘብ በእናንተ ስም ያልፋል። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። የቴሌግራም ወይም የባንክ ኮድ «በስህተት ወደ አንቺ ተልኮ ነው፣ አንብቢልኝ» የሚልም አለ። ለማንም አይነበብም። ለምታውቁት ሰውም ቢሆን፤ የእሱ አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የፎቶው ጉዳይ ነው። በዚህ ወንዶችም ብዙ ይጎዳሉ፣ ደግሞ ወንዶች ከሴቶች የባሰ ዝም ይላሉ። ራቁት ቪዲዮ ኮል ይጀመራል። ሪኮርድ ይደረጋል። በደቂቃ ውስጥ የፌስቡክ ጓደኞችህ ዝርዝር ይላክልሃል። «10 ሺህ ብር ካልላክህ ለእናትህ ነው የምልከው።» እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ እዚህ ተቀምጦ እየሰማኝ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ በዚህ ምክንያት ሕይወትህ አያበቃም። አትክፈል። የከፈለ ሰው መክፈል የሚችል መሆኑን ነው ያሳየው፤ ነገም ይመጣሉ። ቻቱን አታጥፋ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የሁለቱንም መልእክት ማጥፋት ስለሚችል ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሳ። ዩዘርኔሙን፣ ስልኩን፣ የተጠየቅክበትን አካውንት ያዝ። ከዚያ ሪፖርት አድርግና ብሎክ አድርግ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII) የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶውን ከስልክህ ሳያወጣ የፎቶውን መለያ ቁጥር ብቻ ወስዶ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራምን የመሳሰሉ ተባባሪ ድርጅቶች ምስሉ ሲጫን እንዲያግዱት ያደርጋል። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች በነበረበት ጊዜ ለተነሳ ፎቶ ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን (Take It Down) የሚባለው አለ። እና ለአንድ ሰው ንገር። በዚያች ሌሊት ብቻህን አትደር።

ሕግ አለ ወይ? አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይባላል። ማንነቱን አሳስቶ ወይም አሳሳች መረጃ አሰራጭቶ ሰውን በኮምፒውተር ያታለለ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። በምስል ወይም በጽሑፍ ያስፈራራም እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቻትም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ተናድዳችሁ አታጥፉት። ሌባው ውጭ አገር ካለ መያዙ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ገንዘቡ የገባበት አካውንት ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር ነው። ባለቤቱም እዚሁ ነው።

በመጨረሻ ላይ ስለ ሳቅ ልናገር። አንዲት ፈረንሳያዊት የሆሊውድ ተዋናዩ ብራድ ፒት እያናገራት መስሏት 830 ሺህ ዩሮ ተበላች። ሆስፒታል የተኛ አስመስለው በኮምፒውተር የሠሩትን ፎቶ ይልኩላት ነበር። ታሪኳን ሌላው እንዲማርበት ብላ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በቴሌቪዥን ተናገረች። ሰዎች በኢንተርኔት ላይ ሳቁባት፣ ተሳለቁባት። ጣቢያው ፕሮግራሙን እስከማንሳት ደረሰ። ያንን ሳቅ ያየች ሌላ የተበላች ሴት ነገ ለማን ትናገራለች? ለማንም። ሌባውም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ጓደኛችሁ መጥታ «ተሸወድኩ» ስትላችሁ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው «አንቺ ደግሞ እንዴት አመንሽው?» ከሆነ ከሌባው ጋር እየሠራችሁ ነው። «መቼ ላክሽ? በየትኛው ባንክ?» በሏት።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ ልጻፍ። አንዷ «እውነተኛ ቢሆንስ? ሳጣራ ቢቀየመኝስ?» አለች። ቀላል ነገር ሞክሪ። «እህቴ ልታናግርህ ትፈልጋለች» በይው። እውነተኛ ሰው ያፍር ይሆናል እንጂ እሺ ይላል። ሌባ ይቆጣል፣ «አታምኚኝም ማለት ነው» ይላል፣ ወይም ይጠፋል። ለመገናኘት ከደረሳችሁም በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። ፍቅር ሐይቅ ዳር እሁድ ከሰዓት ሰው አይጠፋም። በራስሽ ባጃጅ ሂጂ፣ በራስሽ ባጃጅ ተመለሽ። ቤቱ ወይም ክፍሉ አይሁን። ቴሌግራም ላይ ያለሽበትን ቦታ በቀጥታ ለጓደኛሽ ማጋራት ትችያለሽ፤ ለ8 ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ይሄ ለወንዶችም ነው። በሴት ስም ተጠርቶ ሄዶ ስልኩንና ኪሱን አስረክቦ የተመለሰ ወንድ አለ።

ሌላው ጠያቂ «የተበላሁትን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ አገኘሁ፣ ቅድሚያ 5 ሺህ ብር ጠየቀኝ» አለ። አትላክለት። ስምህን ያገኘው ከመጀመሪያዎቹ ሌቦች ሊሆን ይችላል፤ አንዴ የተበላን ሰው ዝርዝር ይሸጣሉ። ገንዘብ ልካችሁ ከሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሰኞን አትጠብቁ። ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ወዲያው ይደወላል። ባንኩ ለማገድ የፖሊስ ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል ስክሪንሾቱንና የላካችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ፣ እኔና ባልደረባዬ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከመድረኩ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነን። ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ በአንድ ግቡ።